8 ጊጋ ራም ገጥሜ 3.25 ብቻ ለምን ያሳየኛል?

ይሄ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስም ከቡሬም እየተመላለሰ ነው። «ራም ጨመርኩ፣ ዊንዶውስ 7 ግን የምጠቀመው 3.25 ጊጋ ብቻ ነው ይላል፤ ሻጩ አታሎኝ ይሆን?» አልተታለላችሁም። ራሙ አለ። ችግሩ ዊንዶውሱ 32 ቢት መሆኑ ነው።

እንዲህ አስቡት። አንድ ቀበሌ 4,000 የቤት ቁጥር ብቻ አለው እንበል። 750ው ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለወፍጮ ቤት ተሰጠ። ለነዋሪው 3,250 ቀረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሺህ ቤት ብትሠሩም ቁጥር ስለሌለው ፈልጎ የሚያገኘው የለም። 32 ቢት ዊንዶውስ 7ም ያለው አድራሻ 4 ጊጋ ነው፤ ከዚያው ላይ የስክሪን ካርዱና ሌሎች ዕቃዎች ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

የ4 ጊጋው ጣሪያ ቁርጥ ነው። የሚተርፈው ግን እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ አንዱ ጋ 3.5፣ ሌላው ጋ ከ3 በታች ሊሆን ይችላል።

ኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ገብታችሁ «ማክሲመም ሜሞሪ» ላይ 8192 የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት። ያ ሳጥን ራም መገደቢያ እንጂ መጨመሪያ አይደለም፣ ቁጥር ተሳስቶ ደህናው ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ማየት ያሳዝነኛል።

መፍትሔው 64 ቢት ዊንዶውስ ነው። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መቀበሉን አረጋግጡ። ከ32 ወደ 64 አፕግሬድ የሚባል ነገር የለም፣ እንደ አዲስ ነው የሚጫነው፤ ስለዚህ ፋይላችሁን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ራማችሁ 2 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን 32 ቢቱ ይበቃችኋል፣ አትድከሙ።