የአንጎል ሞገድ በጤናማ እርጅና

የአንጎል ሞገድ ማለት እጅግ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት አንድ ላይ ሲሠሩ የሚፈጠር፣ ከራስ ቅል ቆዳ ላይ በኤሌክትሮድ የሚለካ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ነው። መለኪያው ኢኢጂ ይባላል። ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፤ ቅጂውን እ.ኤ.አ. በ1924 አግኝቶ በ1929 አሳተመው። ሞገዶቹ በሰከንድ በሚመላለሱበት ብዛት፣ ማለትም በሄርዝ፣ ይከፈላሉ፦ ዴልታ ከ4 በታች፣ ቴታ ከ4 እስከ 8፣ አልፋ ከ8 እስከ 13፣ ቤታ ከ13 እስከ 30፣ ጋማ ከዚያ በላይ።

ዕድሜ በግልጽ የሚነበበው በአልፋ ላይ ነው። አልፋ ሰው ነቅቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ዘና ሲል ከጭንቅላቱ ኋላ በኩል ይወጣል፤ ዐይን ሲገለጥ ይከስማል። በ1 ዓመት ሕፃን ላይ ይኸው ምት 6 ሄርዝ አካባቢ ነው። በ3 ዓመት 8 ይደርሳል፣ በወጣትነት ወደ 10 ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጤናማ አዛውንት ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 9 ወይም 9.5 ይጠጋል። ከፍታውም ያንሳል፤ ዐይን ሲገለጥ የሚከስምበት ጥንካሬም እንደ ወጣቱ አይሆንም። ለዚህ አንዱ ምክንያት በአንጎል መሐል ያለውን ታላመስን ከአንጎል ውጫዊ ንጣፍ ከኮርቴክስ ጋር የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮች በዕድሜ መዳከማቸው ነው።

እዚህ ላይ ድንበሩን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ የነቃ አዋቂ አልፋው ከ8 ሄርዝ በታች ሆኖ ከቀጠለ፣ ዕድሜው 85 ቢሆንም እንኳ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ምክንያቱ ይፈለጋል፦ የታይሮይድ እጥረት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ድካም፣ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን አሲቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል የሚገቱ መድኃኒቶች፣ ጅምር ላይ ያለ የመርሳት በሽታ። ጤናማ እርጅና ዴልታንና ቴታን በጭንቅላቱ ሁሉ አያበዛም፤ እንዲያውም በበርካታ ልኬቶች የዝግታ ሞገዶች ጉልበት በጤነኛ አዛውንት ላይ ሳይለወጥ ወይም ቀንሶ ይታያል። የአልዛይመር በሽታ ግን ቴታን ከፍ፣ አልፋን ዝቅ ያደርጋል።

በቅጂው ንባብ ላይ ተደጋግሞ የሚፈጠረው ስህተት ድብታን እንደ ሕመም መቁጠር ነው። አዛውንት ጸጥ ባለ ክፍል ዐይናቸውን ጨፍነው ሲጋደሙ ቶሎ ያንቀላፋሉ። ያን ጊዜ አልፋው ይበታተናል፣ ቴታ ይገባል፣ አንዳንዴም ከግንባር በኩል ምት ያለው ዴልታ ብቅ ይላል። ስለዚህ ቀጂው በየጥቂት ደቂቃው ስም መጥራት፣ ቀላል ሒሳብ መጠየቅ ወይም ዐይን ማስገለጥ አለበት፤ ዝግታው ወዲያው ከጠፋ እንቅልፍ ነበር ማለት ነው። ሌላው አሳሳች ነገር በጆሮ ግንድ አካባቢ፣ በተለይ በግራ በኩል፣ አልፎ አልፎ የሚታይ አጭር ዝግታ ነው። ከ6 እስከ 11 ሄርዝ የሚመቱ፣ ቀስት የመሰሉና «ዊኬት» የሚባሉ ሞገዶችም በዚያው ስፍራ ይታያሉ። እነዚህን የሚጥል በሽታ ምልክት ናቸው ብሎ መጻፍ አንድን ጤነኛ ሰው ለዓመታት የማያስፈልገውን መድኃኒት ያስውጣል። ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ቤታ በዕድሜ ጥቂት ይጨምራል ይባላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤንዞዲያዜፒን የተባሉ የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒኖች ቤታን በጉልህ ያበዛሉ፤ የመንጋጋና የግንባር ጡንቻ ውጥረትም ቤታ መስሎ ይገባል። ከዚህ ሌላ፣ ከምቶቹ ሥር ያለው ምት አልባ ዳራ፣ ማለትም በድግግሞሾች ሁሉ ላይ የተበተነው የአንጎል ኤሌክትሪክ መዋዠቅ፣ በዕድሜ ይለወጣል፦ ድግግሞሽ ሲጨምር ጉልበት የሚወርድበት ቁልቁለት ጠፍጣፋ ይሆናል። ዳራውን ሳይለዩ የቤታን ጉልበት ብቻ ማንበብ የሌለ ምት እንዳለ ሊያስቆጥር ይችላል።

በእንቅልፍ ጊዜ ለውጡ ከንቃት ይልቅ ጎልቶ ይወጣል፤ የሚጀምረውም ከእርጅና አስቀድሞ፣ በጎልማሳነት ነው። የጥልቅ እንቅልፍ ዝግተኛ ሞገዶች በተለይ ከግንባር በኩል ከፍታቸው ይወርዳል፤ የግንባር ኮርቴክስ መሳሳት ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በወንዶች ላይ መቀነሱ ይበረታል። ጥልቅ እንቅልፍ ለመባል በ30 ሰከንድ ገጽ ውስጥ ከ0.5 እስከ 2 ሄርዝ ያላቸውና ከ75 ማይክሮቮልት የሚበልጡ ሞገዶች ቢያንስ 20 በመቶ መያዝ አለባቸው። የአዛውንት ሞገድ እየተመላለሰም ከፍታው 60 ላይ ሊቀር ይችላል፤ በመዝገብ ላይ «ጥልቅ እንቅልፍ የለም» የሚለው ከፊሉ ከዚህ ደንብ የመጣ ነው። ፈትል እንደተጠቀለለበት እንዝርት መሐላቸው የሚወፍር፣ ከ11 እስከ 16 ሄርዝ የሚመቱት የእንቅልፍ እንዝርቶችም በቁጥር ያንሳሉ፣ ያጥራሉ። በሌሊት መንቃትም ይደጋገማል።

አንጎል በተደጋጋሚ ድምፆች መካከል ለሚሰማ ለየት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ፒ300 የተባለ ምላሽ በወጣት ላይ ከ300 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወጣል፤ በአዋቂነት በየዓመቱ በ1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ይዘገያል።

ቅጂው እንዲታመን ፀጉር ያለ ቅባት ታጥቦ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሁሉ ተመዝግበው፣ ኤሌክትሮዶች በ10-20 አቀማመጥ፣ ማለትም በጭንቅላቱ ልክ 10 ወይም 20 በመቶ ርቀት፣ ተለክተው፣ የእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከ10 ኪሎኦም በታች ሆኖ ቢያንስ 20 ደቂቃ መቀዳት አለበት። አፍን በትንሹ ከፈት ማድረግ መንጋጋን ያላላል። የቀድሞ ቅጂ ካለ ከአዲሱ ጎን መቀመጥ ይገባዋል፤ አልፋው 10.5 የነበረ ሰው በጥቂት ዓመታት 8.5 ላይ ቢገኝ፣ ቁጥሩ ከድንበር በላይ ቢሆንም የወረደው 2 ሄርዝ ነው፤ ያም በራሱ ምርመራ ይጠይቃል።