ሪማስተር ምንድን ነው? «አኪራ» ከ32 ዓመት በኋላ ሲኒማ ሲገባ

የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ያላችሁ ሰዎች ነገሩን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ደብዝዟል፣ ቢጫ ሆኗል። በስልክ አንስታችሁ ብታሳጥቡት ያው የደበዘዘው ነው የሚወጣው፤ እንዲያውም ይብሳል። ነጌቲቩ፣ ማለትም ፎቶው መጀመሪያ የተነሳበት ፊልም፣ መሳቢያ ውስጥ ከተገኘ ግን ሌላ ነው። ከሱ እንደገና ቢታጠብ የአያታችሁ የቀሚስ ጥልፍ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ጥልፉን ማንም አልጨመረውም። ድሮም እዚያው ነበር።

ሪማስተር ይኸው ነው። ፊልሙ እንደ አዲስ አይሠራም፤ ትዕይንትም አይጨመርለትም። ከተረፉት የፊልም ጥቅልሎች የተሻለው ተፈልጎ ይወጣል፣ ይጸዳል፣ እያንዳንዱ ምስል በስካነር ይነበባል። ከዚያ ቀለሙና ድምፁ ተስተካክሎ ለዛሬ ስክሪን የሚሆን አዲስ እናት ቅጂ ይዘጋጃል። «ማስተር» የሚባለው ይህ እናት ቅጂ ነው።

«አኪራ»ን እንውሰድ። ካትሱሂሮ ኦቶሞ ያዘጋጀው ይህ የጃፓን አኒሜሽን እ.ኤ.አ. በ1988 ነው ሲኒማ የገባው። ታሪኩ 2019 ላይ፣ ኒዮ ቶኪዮ በምትባል ከተማ ውስጥ ይካሄዳል። በሞተር ሳይክል የሚሯሯጡ ጎረምሶች፣ መንግሥት የደበቀው ምስጢር፣ ከአቅሙ በላይ ኃይል የወረደበት አንድ ልጅ። ሚያዝያ ወር 2020 ላይ 4ኬ በሚባለው እጅግ ጥርት ያለ የምስል መጠን ሪማስተር ተደርጎ ወደ ጃፓን ሲኒማ ቤቶች ተመለሰ፤ አይማክስ በሚባለው ግዙፍ ስክሪን ላይም ታየ።

ታዲያ በእጅ የተሳለ የ1988 ፊልም አይማክስን የሚሞላ ዝርዝር ከየት ያመጣል?

ከአሠራሩ ነው። ያኔ ሥዕሉ «ሴል» በሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ነበር የሚሰፍረው። መስመሩ ከፊት፣ ቀለሙ ከጀርባ። ሴሉ ወረቀት ላይ በተሳለ መልክዓ ምድር ወይም ከተማ ላይ ይነጠፍና በፊልም ካሜራ ይነሳል። ከዚያ ሌላ ሴል፣ ሌላ ፎቶ። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል። ለ«አኪራ» ወደ 160,000 ሴል ገደማ እንደተሠራ ይነገራል፤ የቀለሙ ዓይነት ደግሞ 327። አብዛኛው ትዕይንት ሌሊት ስለሆነ ጨለማውን ራሱ በብዙ ቀለም መለየት ነበረባቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ልፋት 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ታትሞ ቀርቷል። እኛ ግን ያየነው ሌላ ነገር ነው። ከጃፓን ውጭ ብዙ ሰው ፊልሙን ያወቀው በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ምስሉ ምን ያህል እንደሚበላሽ ደግሞ የዚያ ዘመን ሰው አይነገረውም። ዲቪዲም ቢሆን በአንድ ምስል የሚይዘው ከ350 እስከ 400 ሺህ ገደማ ነጥብ ነው። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ያህል ይይዛል። ፊልሙ የነበረውን ሁሉ ይዞ ተቀምጧል፤ ጠባቡ የኛ መስኮት ነበር።

ለ2020ው ቅጂ የተነበበው ማስተር ፖዘቲቭ የሚባለው ጥቅል ነው። ይህ ሲኒማ ቤት ለሲኒማ ቤት ሲዞር የተቧጨረው ቅጂ ሳይሆን፣ ከካሜራው ነጌቲቭ በቀጥታ የሚታተም፣ ሌሎች ቅጂዎች የሚወለዱበት ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም «ሪማስተር ሆነ» ሲባል የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ኬ ነው?» አይደለም። «ከምን ተነበበ?» ነው። ከደከመ ቅጂ የተሠራ 4ኬ፣ ብዥታን በትልቁ ማሳየት ነው።

ነገሩ የሚያስቀው፣ አንዳንድ በኋላ የተሠሩ አኒሜሽኖች ይህ ዕድል የላቸውም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስቱዲዮዎቹ ቀለም መቀባቱን ወደ ኮምፒውተር አዞሩት። በዚያ ዘመን ለቴሌቪዥን የተሠራ ብዙ ሥራ ያለቀው ለጊዜው ቴሌቪዥን በሚበቃ መጠን ነው። ፋይሉ ውስጥ ከዚያ በላይ ተቆፍሮ የሚወጣ የለም። የ1988ቱ ሽማግሌ ከ2002ቱ ወጣት ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል።

ጽዳቱ ላይ ግን ጠብ አለ። ፊልም በተፈጥሮው ጥቃቅን ብናኝ መሳይ ነገር አለው፤ ግሬን ይባላል። አንዳንድ አዘጋጅ «ቆሻሻ ነው» ብሎ በሶፍትዌር ይጠርገዋል። ሶፍትዌሩ ግን ግሬንንና ቀጭን የሥዕል መስመርን ሁልጊዜ አይለይም። ውጤቱ ፊልተር በዝቶበት ቆዳው ፕላስቲክ የመሰለ ሰልፊ ነው። እኔ ግሬኑ እዚያው ይቆይ ባይ ነኝ። ሴሉ ላይ ወድቆ አብሮ ፎቶ የተነሳ አቧራስ? እሱን ቢያነሱት አልቆጣም።

ሪማስተር ያልሆነውን ለማየት «ጎስት ኢን ዘ ሼል» አለላችሁ። የማሞሩ ኦሺ የ1995 ፊልም ነው። በ2008 «2.0» ተብሎ ሲመለስ አንዳንድ ትዕይንቶቹ በኮምፒውተር ሥዕል ተተክተው ነበር። ያ ጥገና አይደለም፤ ግድግዳ አፍርሶ መሥራት ነው። በ2021 ሲኒማ የገባው የ4ኬ ቅጂ ግን የ1995ቱን ሥራ ራሱን ነው ያቀረበው።

ወደ «አኪራ» ልመለስና አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ውስጥ ለ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ 147 ቀን እንደቀረ የሚናገር ሰሌዳ አለ። ከሥሩ አንድ ሰው «ይሰረዝ! ይሰረዝ!» የሚል ጽሑፍ ሞንጭሮበታል። ሪማስተሩ አይማክስ የገባው ሚያዝያ 3 ቀን 2020 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። እውነተኛው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኮሮና ምክንያት መራዘሙ የተነገረው ከዚያ አሥር ቀን ቀድሞ ነበር።