ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ካሉት የኮምፒውተር መጠገኛ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ወጣቱ ባለሙያ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነበት ማሽን ላይ የደንበኛ ሐርድ ዲስክ ሰካና ፎልደሩን ከፈተ። የፋይሎቹ መጠንና ቀን በየስማቸው ጎን ተደረደረ። «አቦ! ይሄ ነገር ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። አንዱንም ሳልከፍት ሁሉን ነገረኝ» አለ። ደንበኛው ሳቀ። እኔን ግን ከነከነኝ፤ ማሽኑ ሳይጠየቅ የመለሰው አንዳች ነገር የለማ።

ተረቱ ማንን እንደሚነካ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚያ ላይ አልቆይም። ደስ የሚለው የወጣበት ኑሮ ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን ቁልቢ አካባቢ አያቶቼ ዘንድ አሳልፍ ነበር። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይዘወተርም፤ እዚያ ግን ወግ ነበረው። አባባ ከደጅ ሆነው «አንተ ልጅ!» ይላሉ። «አቤት!» ነው መልሱ። «ወዬ» ለእኩያ ነው፤ «ምን?» ያለ ኩርኩም ይቀምሳል። ቀርበህ ትቆማለህ። ልላክህ ሲሉህ ነው «ወዴት?» የምትለው። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንትፍ ይሉና «ይቺ ሳትደርቅ ተመለስ!» በክረምት ድንጋዩ መቼ ሊደርቅ! ይህ የገባን ልጆች መንገድ ላይ እንጫወት ነበር።

ብዙ ጊዜ የምንላከው ስለ ማሽላ ለመጠየቅ ነው። ሐረርጌ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፤ ላዩ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባና እህሉ መበላሸት ይጀምራል። ታምቆ የቆየው አየርም ቸኩሎ የወረደን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ለማየት ብቻ ብሎ የሚከፍት የለም። እማማን መጠየቅ ነው። የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተደፈነ በአንድ ትንፋሽ ይነግሩሃል። ካልጠየቅሃቸው ግን ስለ ጉድጓዱ አንዲት ቃል አይወጣቸውም።

የአክስቴ ልጅ ነበር ችግሩ። የማንንም ድምፅ ከሰማ «አቤት! ወዴት ልሂድ?» እያለ ይሮጣል። ተረቱን መጀመሪያ የሰማሁት በሱ ላይ ሲተረት ነው።

የኔ ግምት፣ ተረቱ ከገበሬ ጎጆ ሳይሆን ከመኳንንት ግቢ የወጣ ነው። ገበሬ ቤት ጠሪው አንድ፣ ተጠሪው ሁለት፤ ማን ማንን ይሽቀዳደማል? አሽከር በሚተራመስበት ግቢ ግን ጌታው ዓይን ለመግባት ያልተጠራውም «አቤት» ይላል። ወደኛ አገርም ከ1879ቱ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከመጣው የምኒልክ ጭፍራ ጋር የገባ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ፕሮግራም ዲስኩን በእጁ አይነካም፤ የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን ነው የሚጠይቀው። ስለ ፋይል የሚጠየቅበት ጥሪ ስታት (stat) ይባላል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒክስ፣ ማለትም ሊኑክስ አርአያ ያደረገው የቀድሞ ሲስተም፣ የመጀመሪያ መመሪያ ውስጥም አለ። እያንዳንዱ ጥሪ ቁጥር አለው፤ ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽን ላይ በሚሠራ ሊኑክስ የስታት ቁጥር 4 ነው። ፕሮግራሙ ያን ቁጥር ሬጅስተር በሚባለው የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ ላይ ያስቀምጣል። የፋይሉን መንገድና መልሱ የሚጻፍበትን ቦታ ይጠቁማል። ከዚያ ሲስኮል (syscall) የምትባለውን ትእዛዝ ያስኬዳል። ከርነሉ «አቤት» የሚለው ያኔ ነው። ወዴት እንደሆነም ከመንገዱ ያነባል፤ ማውጫ (ፎልደር) በማውጫ ሄዶ የፋይሉን አይኖድ፣ ማለትም ስለ ፋይሉ የተመዘገበበትን መዝገብ፣ ያገኛል። ባለቤቱን፣ ፈቃዱን፣ መጠኑን፣ ጊዜዎቹን ገልብጦ ይሰጥና ዜሮ ይመልሳል። ፋይሉ ከሌለ የስህተት ቁጥር ነው የሚመጣው። የፋይሉ ሆድ አልተከፈተም። የማንበብ ፈቃድ እንኳ አያስፈልግም፤ በማውጫዎቹ ማለፍ መቻል ይበቃል። መጨረሻ የተነበበበት ጊዜም አይለወጥም።

ከርነሉ ምን ያህል ዝምተኛ እንደሆነ ላሳያችሁ። ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ስታት ግን ያንን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከርነሉም አይመልስም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ 4.11 ላይ ስታትኤክስ የሚባል አዲስ ጥሪ ሲመጣ ነው ቀኑ መነገር የጀመረው። እስከዚያ ቀኑን ይዞ ዝም! ይሄ ነው ሳይጠሩት አቤት?

ማየት የፈለገ፣ ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያሰማውን ጥሪ በሚያሳየው ስትሬስ (strace) በሚባለው መሣሪያ፣ የፋይል ዝርዝር የሚያወጣውን ኤልኤስን ከዳሽ ኤል ጋር (ls -l) ያስነሳና መስመሮቹን ይመልከት። ለየፋይሉ ስታትኤክስ ወይም ከዘመዶቹ አንዱ ተጠርቷል። በኔትወርክ ያለ ትልቅ ፎልደር ሲከፈት የሚንቀራፈፈውም ብዙ ጊዜ በዚሁ በጥሪው ብዛት ነው።

ዘንድሮ ተረቱን የትም እንወረውረዋለን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጓደኛውን ያገዘ ትጉ ሠራተኛ ሁሉ «ሳይጠሩት አቤት» ይባላል። ያሳፍራል። በኮምፒውተር ላይ መተረት ካማራችሁ ደግሞ ትክክለኛው ሰውዬ አለላችሁ፤ ማንም ሳይልከው እያንዳንዱን ፎቶና ቪዲዮ ከፍቶ ትንሽ ምስል የሚያዘጋጀው የፋይል ማሳያ ፕሮግራም። እሱን በሉት፤ ከርነሉን ተዉት።