«ሩዋንዳ ሄዳችሁ ምን ልታዩ?»፦ ጎንደር ላይ የሰማናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ እኔና ባለቤቴ ሩዋንዳን ልንጎበኝ ለዘጠኝ ቀን ከጎንደር ተነሣን። ለሥራ አይደለም፣ ለሕክምናም ለዘመድ ጥየቃም አይደለም፤ ለማየት ብቻ። ይህን በተናገርንበት ቀን ቡና ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ምክሩና ማስጠንቀቂያው ተከታትሎ መጣ።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ከፋሲል ግቢ እስከ ቁስቋም፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ስሜን ተራሮች ለዓመታት የሰው አገር እንግዳ ሳዞር ኖሬያለሁ። እንግዶቼ ስለ እኛ ይዘውት የሚመጡትን የተሳሳተ ነገር ማረም የዘወትር ተግባሬ ነው፦ ኢትዮጵያ ዳር እስከ ዳር በረሃ ናት የሚለውን፣ ግንቦቹን የሠራቸው ፖርቹጋል ብቻ ነው የሚለውን። የገዛ ጎረቤቶቼ ስለ ሌላ አፍሪካዊ አገር ተመሳሳይ ነገር ሲናገሩ ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

«ለሽርሽር ድንበር መሻገር የፈረንጅ ነው»

ይህን ያሉት እናቴ ናቸው። «ሰው ከአገሩ የሚወጣው ሲቸግረው ነው» አሉኝ። እናቴ የሚያውቁት ስደት ያንን ነውና አልፈርድባቸውም። መተማን አቋርጦ የወጣ ልጅ ያለው ቤት በሰፈራችን ብዙ ነው።

ግን ታሪካችን ይህን ብቻ አይናገርም። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ የመሠረቷት ጎንደር የመንገደኛ ከተማ ነበረች። ነጋዴዋ ወደ ስናርና ወደ ምጽዋ ይመላለስ ነበር፤ ተሳላሚዋ ኢየሩሳሌም ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሲመለሱ ያዩትን ያወሩ ነበር፣ ሰውም ከብቦ ያዳምጥ ነበር። የሰው አገር አይቶ መመለስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተቋረጠ ነገር ነው።

«ኤምባሲ ደጅ ስትጠኑ ክረምቱ ያልቃል»

ሩዋንዳ ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች በሯን ከፍታለች። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ አስቀድሞ ቪዛ ሳያወጣ፣ ሳይከፍልም፣ እስከ 30 ቀን መቆየት ይችላል። ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዘን ሄድን። ከጎንደር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከአዲስ አበባ ኪጋሊ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በረርን። ስሜን ተራሮች ውስጥ ካሉት የካምፕ ቦታዎች አንዳንዶቹ ከጎንደር በመኪናና በእግር ከዚህ የረዘመ ጊዜ ይወስዳሉ።

«በክረምት፣ በጭቃ፣ ምን ይታያል?»

ሐምሌ ላይ አንገረብና ቀሃ ሞልተው ሲያጉረመርሙ የሚያድር ሰው ዓለም ሁሉ የሚዘንብበት ቢመስለው አይገርምም። ሩዋንዳ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ሁለት ዲግሪ ያህል ላይ ናት። ዋናው ዝናቧ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ የእኛ ክረምት ለእሷ በጋ ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ጥቂት፣ ካፊያ ነካን። ኪጋሊ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ከጎንደር ሞቅ ትላለች። እሳተ ገሞራዎቹ ሥር ያለችው ሙሳንዜ ግን ሌሊት ጋቢ ታስናፍቃለች።

ጎብኚ በማይመጣበት ክረምት ሥራ የሚፈቱ የጎንደር አስጎብኚዎች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ለእኛ የዕረፍት ወራት የሆኑት እዚያ ምርጥ የጉብኝት ወራት ናቸው።

«ደም የፈሰሰበት አገር ነው፣ እንዴት ደፈራችሁ?»

ደም ፈስሶበታል። ይህን ማንም አይክድም፤ ከሁሉ በፊት የሚናገሩት ራሳቸው ሩዋንዳውያን ናቸው። መጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. የተጀመረው የዘር ፍጅት በ100 ቀን ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰው ፈጅቷል። ስሕተቱ ያለው አገሩ ዛሬም እዚያው ቀን ላይ የቆመ አድርጎ ማሰቡ ላይ ነው። ማታ ከራት በኋላ እኔና ባለቤቴ በኪጋሊ ጎዳና በእግራችን ወደ ሆቴላችን ስንመለስ የመንገዱ መብራት ይበራል፣ ሴቶች ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ መንገዱም የተጠረገ ነው። አንድም ጊዜ ዞር ብዬ ኋላዬን አላየሁም።

ወደ መታሰቢያዎቹ መሄድን ባለቤቴ ፈርታ ነበር፤ እኔም አልደፈርኩም ነበር። በመጨረሻ ግን ሄድን። ኪጋሊ ጊሶዚ ላይ ከ250,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት መታሰቢያ አለ። በውስጡ ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ። የእያንዳንዱ ልጅ ፎቶግራፍ፣ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚወደው ምግብ ወይም ጨዋታ ተጽፏል፤ ከዚያ እንዴት እንደሞተ። እንግዳ ፊት ቆሜ መናገር እንጀራዬ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ለባለቤቴ አንዲት ቃል ማለት አቃተኝ።

ከኪጋሊ ወጣ ብላ ያለችው ኒያማታ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰዎቹ ቤተ እግዚአብሔር መሸሸጊያ ነው ብለው ገቡ፣ እዚያው ተገደሉ። ልብሳቸው እስከ ዛሬ በየመቀመጫው ላይ ተከምሯል። እኔ ያደግሁት ድርቡሽ እ.ኤ.አ. በ1888 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኗት የሚለውን ትውፊት እየሰማሁ ነው። ለእንግዶቼም ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ። ኒያማታ ላይ ንቦች አልመጡም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ትውፊት ስተርክ ድምፄ እንደ ቀድሞው አይደለም።

አንድ ነገር ለሚሄድ ሰው አጥብቄ እነግራለሁ፦ ማንንም «ከየትኛው ወገን ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የቤልጂግ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሰውን ጎሣ በመታወቂያ ላይ አስጻፉ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በየኬላው ያችው መታወቂያ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚሞት ለየች። ዛሬ በመታወቂያቸው ላይ ያ መስመር የለም። ባለቤቴ መኪና ውስጥ በየዋህነት ጠይቃ ነበር። ሾፌሩ አልተቆጣም፤ «እኔ ሩዋንዳዊ ነኝ» አለና መንገዱን ማየቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሦስታችንም ዝም አልን።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላም አለ። ፍጅቱ በተፈጸመበት ዓመት በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ተልእኮ ሥር የኢትዮጵያ ወታደሮች ሩዋንዳ ዘምተው ነበር።

«ዝምተኞች ናቸው፣ እንግዳ አይወዱም»

ይህን የነገረን ለሥራ ኪጋሊ ደርሶ የተመለሰ አንድ ወዳጃችን ነው። ዝምታቸው እውነት ነው፣ ትርጉሙን ግን ስቶታል። ሩዋንዳውያን ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ በገበያ እንኳ አይጯጯኹም። መንገድ ላይ ማንም አይጣራችሁም፣ እጃችሁንም ይዞ አይጎትታችሁም። የጎንደር ሰው፣ እንግዳ ሲያይ «ግባ! በሞቴ! አፈር ስሆን!» ማለት የለመደ፣ ይህን ቅዝቃዜ አድርጎ ያየዋል። መጀመሪያ «ሙራሆ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ፊታቸው ይፈታል። ቀኝ እጃቸውን ሲሰጧችሁ በግራ እጃቸው ክንዳቸውን ደገፍ ያደርጋሉ፤ እኛ ለታላቅ እንደምናደርገው ማለት ነው።

ሰዓታቸውንም ልንገራችሁ። የእጅ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ፣ አቆጣጠሩ ግን እንደ እኛ ነው። በቋንቋቸው በኪንያርዋንዳ ከንጋት ጀምሮ ይቆጠራል፤ ፈረንጅ ዘጠኝ የሚለውን የጠዋት ሰዓት እነሱም «ሳ ታቱ»፣ ሦስት ሰዓት ይሉታል። የውጭ እንግዶቼን በሰዓት አቆጣጠራችን ስንት ጊዜ እንዳደናገርኳቸው አስታውሼ፣ ሳልደናገር የኖርኩበት የሰው አገር በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ከሁሉ የቀረብናቸው ግን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት ሱቁ ይዘጋል፣ መኪናው ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ለኡሙጋንዳ ይወጣል። ቦይ ይቆፈራል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ የአቅመ ደካማ ቤት ይሠራል። ጎብኚ አይገደድም። እኛ ግን ይህ የእኛው ደቦ ነው ብለን ወጣን፤ አንዲት አሮጊት ዶማ ሰጡኝ። ቋንቋ አልነበረንም። አያያዜን ሲያዩ ገበሬ ቤት እንደተወለድኩ ገባቸውና ሳቁ። ሥራው ሲያልቅ ከጎረቤቶቹ ጋር ሣር ላይ ተቀመጥን። እዚያ ስንቀመጥ ጎብኚ መሆናችንን ረሳነው።

«ጎሪላ ያላየ ሩዋንዳን አላየም»

የተራራ ጎሪላ ለማየት የውጭ ጎብኚ መደበኛ ክፍያ ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር ነው። ለአንድ ሰዓት፣ በአንድ የጎሪላ ቤተሰብ ዘንድ በቀን ከስምንት የማይበልጥ ሰው ብቻ። እኛ አልከፈልንም፣ አላየንምም፣ ጉዟችን ግን ሙሉ ነበር። የቡሬራና የሩሆንዶ መንታ ሐይቆችን ከኮረብታ ላይ አየን። ኒያንዛ የሚገኘውን የነገሥታቱን የሣር ክዳን ቤተ መንግሥት፣ ቀንዳቸው ከሰው ክንድ የሚረዝመውን ኢንያምቦ የተባሉ ላሞች አየን። እረኛው ለላሞቹ ያዜማል፤ ላሞቹም ያዳምጣሉ።

«ጎሪላ ሰው ይበላል» የሚሉም አሉ። ምግቡ ቅጠልና ቀርከሃ ነው፣ ሳማ እንኳ ይበላል።

ስለ ክፍያው ግን አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ሩዋንዳ ከፓርኮቿ የጉብኝት ገቢ 10 በመቶውን በፓርኮቹ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ ትሰጣለች። በዚያ ገንዘብ ትምህርት ቤት ይሠራል፣ ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ ውሃ ይገባል። ስሜን ውስጥ የጭላዳ መንጋ መሃል ተቀምጬ፣ በሌላ ዓለም የሌለ እንስሳ ለእንግዳ እያሳየሁ፣ ገብሱ የሚበላበትን ገበሬ ፊት ማየት የሚከብደኝ ጊዜ ብዙ ነው። ሙሳንዜ ላይ ስለዚህ አሠራር የሰማሁትን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩት።

«ረቡዕና ዓርብ ምን ልትበሉ?»

አደንጓሬ፣ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ የካሳቫ ቅጠል ወጥ። ጾመኛ የማይራብበት አገር ነው። በፍስክ ቀን ደግሞ የፍየል ጥብስ በእንጨት ላይ አለ፣ ወተትና እርጎ ብቻ የሚሸጡ ቤቶችም አሉ። እንጀራ የናፈቀው ኪጋሊ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያገኛል።

እናቴ ግን አላመኑም፤ በሶውንና ድርቆሹን በፌስታል ቋጥረው ሰጡን። ፌስታል በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው። አየር ማረፊያው ላይ በትሕትና አስፈቱንና ስንቁን ወደ ወረቀት ከረጢት አዛወርነው። በጨርቅ ቋጥራችሁ ሂዱ።

«ተራራ እንደሆነ ስሜን፣ ሐይቅ እንደሆነ ጣና አለን»

ራስ ዳሸን ከሩዋንዳ ከፍተኛው ተራራ ከካሪሲምቢ ይበልጣል፣ እሱም በትንሹ ነው፤ ካሪሲምቢ 4,507 ሜትር ነው። ግን ማበላለጡ ምን ያደርጋል? የስሜን ተራራ የተቆረጠ ገደል ነው፣ ከአፋፉ ቆመህ ወደ ታች ታያለህ። የሩዋንዳ ኮረብታ ግን ክብ ነው፣ እስከ ጫፉ የታረሰ፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይጀምራል።

የኪቩ ሐይቅም ጣናን አይመስልም። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ኪቩ ከ470 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከሥሩ የሚቴን ጋዝ ታምቆበት፣ ዛሬ እየቀዱ ኤሌክትሪክ ያመነጩበታል። ፀሐይ ስትገባ ዓሣ አጥማጆቹ ሦስት ጀልባ ጎን ለጎን አስረው፣ እየዘፈኑ፣ እየቀዘፉ ወደ መሃል ይገባሉ። ከጨለመ በኋላ ፋኖሳቸው ብቻ ይታያል። ባለቤቴ የጣናን ታንኳ አስታውሳ አለቀሰች።

ከዚያ ወደ ኒዩንግዌ ደን ወረድን። ከነጭ ዓባይ ሩቅ ምንጮች አንዱ ከዚህ ደን እንደሚነሣ ይነገራል። አስጎብኚው አንዲት ቀጭን ምንጭ እያሳየ «ዓባይ» አለን፤ እኔም ግሽ ዓባይን ነገርኩት። የእሱ ውሃና የእኔ ውሃ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ግን ጮክ ብለን የተናገርነው ያን ቀን ነው። ቀጥሎ «አፍሪካ ውስጥ የነገሥታት የድንጋይ ግንብ አለ የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስልኬን አውጥቼ የፋሲልን ግንብ አሳየሁት።

ለእናቴ አጋሴኬ የሚባለውን ባለ ክዳን ሙዳይ አመጣሁላቸው። ገልብጠው ሥሩን አዩ፣ በጣታቸው ጠምዘዛውን ተከተሉ። «እንደ እኛው ከመሃል ነው የጀመረችው» አሉ። ክዳኑን ከፍተው ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። «ስንት ቀን ፈጀባት?» ብለው ጠየቁኝ። ሴትዮዋን አልጠየቅኋትም ነበር።