"የአገር ቤት ሥራ አይቆጠርም" ያላችሁ ማነው?

መስከረም በጠባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉት አገር ቤት ሕክምና ተምረው አሜሪካ ለሰርጀሪ ሪዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ለሚማሩት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ፣ የሚያመለክቱ ልጆች ናቸው። ፕሮግራሞቹ የሚመርጡበት "ሆሊስቲክ ሪቪው" ማለት አመልካቹን በፈተና ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ልምዱና ከጠባዩ ጋር አንድ ላይ መመዘን ነው። እነሱ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ለፕሮግራማችን ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ነኝና፣ ለእያንዳንዱ ከምደጋግም ልጻፈው።

"ስኮር ቀርቷል" ይሉኛል። አልቀረም! ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ "አለፈ፣ ወደቀ" ብቻ የሚባለው ከአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተናዎች የመጀመሪያው፣ ስቴፕ ዋን ነው። ሁለተኛው፣ ስቴፕ ቱ፣ ዛሬም ቁጥር አለው፤ ማመልከቻችሁን ገልጦ ሳያይ በዚያ ቁጥር የሚያጣራም ፕሮግራም አለ። አጥኑ።

"አሳዛኝ ታሪክ ያለው ይመረጣል።" ሐሰት። ችግሩን ብቻ ተርካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ካልነገራችሁን የምንመዝነው ነገር የለም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ "የአገር ቤት ሥራ እዚህ አይቆጠርም" የሚለው ነው። አምና አንድ ልጅ ረቂቁን ላከልኝ። እዚህ መጥቶ ለሁለት ሳምንት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ያየበትን ኦብዘርቨርሺፕ በሰፊው ጽፎታል። ወረዳ ሆስፒታል የሠራበት ሁለት ዓመት ግን አንድ መስመር ነው፤ "ጠቅላላ ሐኪም" ይላል፣ በቃ። ደወልኩለት። እዚያ ምን ትሠራ ነበር?

"ኧረ ምንም የተለየ ነገር የለም ጋሼ" አለኝ።

ቀስ እያልኩ ሳወጣጣው፣ ለካ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ አምቡላንስ አልሻገር ባለበት ሌሊት፣ ደረቱን በሬ የወጋውን ገበሬ በጄኔሬተር መብራት ቱቦ አስገብቶለት አጠገቡ ሲጠብቀው አድሯል። ሰውየው በማግስቱ በሕይወት ሪፈር ተላከ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የድንገተኛ ዕቃዎቹን ከነርሶቹ ጋር በየሳምንቱ መቁጠር ጀመረ። ይህንን ነው እንግዳ ነገር የለውም ያለኝ!

ለፕሮግራሞቹ በኢንተርኔት የምታመለክቱበት የኢራስ ማመልከቻ እስከ 10 ልምድ ያስገባል፤ ሦስቱን መርጣችሁ ለምን ትልቅ ቦታ እንደምትሰጧቸው ታብራራላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ያ የወረዳ ሆስፒታል ይሁን። ስንት አልጋ ነበረው? ከእናንተ በላይ ማን ነበር? ሌሊት ማን ይወስናል? ምን ለወጣችሁ? ይህን ጻፉ። ያገዛችሁበትን ኦፕራሲዮን ግን "ሠራሁ" አትበሉ፣ ኢንተርቪው ላይ ዝርዝሩን እንጠይቃለን። ረቂቁንም ነሐሴ ላይ ላኩልኝ፤ በመስከረም ለማስተካከል ጊዜ የለም።