የጨርቅ ጾም፦ ኩዊልት ሰፊዎችና የማያልቀው ክምችት

ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ከላይ በቅርጽ በቅርጽ ተቆርጦ የተገጣጠመ ጨርቅ ይሆናል። መሀሉ ላይ ሙቀት የሚይዝ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል። ከሥር ገበር አለው። ሦስቱ አንድ ላይ በእጅ ወይም በስፌት መኪና ይሰፋሉ። ድሪቶ የሚያውቅ ሰው መነሻው አይጠፋውም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ኩዊልት የሚሰፋ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ልብስ አይቀድም። ለዚሁ ተብሎ የታተመ አዲስ ብትን ጨርቅ ገዝቶ ነው የሚቆርጠው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ ያምራል፤ ይገዛል። ተቆርጦ እስኪሰፋ ግን ወራት ይወስዳል። በመሀል ሌላ ይገዛል። መጀመሪያ ቁም ሣጥኑ ይሞላል፣ ከዚያ የአልጋው ሥር፣ ከዚያ ልጅ አግብቶ የወጣበት ክፍል። ሰፊዎቹ ራሳቸው በነገሩ ይቀልዳሉ። በቀረው ዕድሜ ተሰፍቶ ለማያልቅ ክምችት እንኳ የቀልድ ስም አውጥተውለታል። ከቀልዱ ጎን ለጎን አንድ የታወቀ ልማድ አለ፦ ለተወሰነ ጊዜ ጨርቅ መግዛት አቁሞ ያለውን መጨረስ። የጨርቅ ጾም ብንለው ያስኬዳል። ብዙዎቹ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ጋር ይይዙታል። ብዙዎቹም ፋሲካ ሳይደርስ ይገድፉታል።

ከጆንያ እስከ ሱቅ

ኩዊልት ሲነሳ ሁሌ የሚወራ ታሪክ አለ፤ ድሃ ሰፋሪ ሴቶች እራፊ እየለቃቀሙ ሰፉት የሚል። ግማሹ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ኩዊልቶች ግን ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ሥራ ነበሩ። ያኔ ጨርቅ ውድ ነው። ቁርጥራጭ መገጣጠም ወደየቤቱ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ ፋብሪካ የጥጥ ጨርቅን ካረከሰው በኋላ ነው። እንግዲህ ኩዊልትና ገበያ ከጥንትም አልተለያዩም። ቁም ሣጥኗን ከፍታ «አያቶቻችን እኮ ምንም አይገዙም ነበር» እያለች ራሷን የምትወቅስ ሰፊ ይህን ብታውቅ ትንሽ ይቀላታል።

ከችግር የተወለደውም ቢሆን የሚያስደንቅ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኢኮኖሚ ድቀት ዱቄትና የዶሮ መኖ በጥጥ ጆንያ ይሸጥ ነበር። የገበሬ ሚስቶች ጆንያውን ፈትተው ልብስ ይሰፉበታል። ይህን ያዩ ነጋዴዎች ጆንያውን በአበባና በመስመር እያሳተሙ ያቀርቡት ጀመር። የድርጅቱን ስም በእጥበት በሚለቅ ቀለም ይጽፉታል፤ ወይም በሚላጥ ወረቀት ይለጥፉታል። 45 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ ሲፈታ ከአንድ ያርድ ትንሽ የሚበልጥ ጨርቅ ይወጣዋል። ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ያህል ጆንያ አንድ ቀሚስ ይሆናል። ከቀሚሱ የተረፈው ኩዊልት ውስጥ ይገባል። አንድ ዓይነት ሕትመት ያለው ጆንያ ካልተገኘ ቀሚሱ ይጎድላል፤ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር መቀያየር ነበር።

አላባማ ውስጥ በወንዝ እጥፋት የተከበበች ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለች። የመንደሯ ሴቶች ከሥራ ልብስና ከጆንያ የሚሰፉት ኩዊልት ዛሬ በሙዚየም ይሰቀላል። ከእነሱ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ኩዊልት ሰፋችው። እሱን ለማስታወስና ከሥሩ ገብታ ለመሞቅ እንደሆነ ልጇ በኋላ ተናግራለች። በ1972 ደግሞ የአካባቢው ሴቶች የስፌት ማኅበር ሲርስ ለተባለው ትልቅ ድርጅት የኮርዱሮይ (መስመር መስመር ያለው ወፍራም ጨርቅ ነው) ትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋለ። የተረፈው ኮርዱሮይ ቁርጥራጭ ወደ መንደር ገባ። በዚያው ሰሞን በየቤቱ የኮርዱሮይ ኩዊልት በዛ። እነዚህ ሴቶች ጨርቅ አልመረጡም፤ የተገኘውን ነው የሰፉት። ሥራቸው በ2002 በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየ፣ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ።

የዛሬውን ክምችት የፈጠረው ሌላ ዘመን ነው። በ1971 ኒው ዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ኩዊልትን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሳየ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር የድሮ የእጅ ሥራ እንደገና ተወደደ። በ1979 ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ ፒዛ መቁረጫ የሚሽከረከር ክብ ምላጭ አወጣ። በመቀስ ቀን የሚፈጀው ቆረጣ በሰዓት ማለቅ ጀመረ። መስፋት ሲፈጥን ጨርቅ መግዛትም አብሮ ፈጠነ።

ከዚያ ገበያው ብልጥ ሆነ። የኩዊልት ጥጥ በስብስብ ይታተማል፤ ቀለማቸው የሚስማማ ብዙ ሕትመቶች አንድ ላይ ይወጣሉ። አብዛኛው ስብስብ ካለቀ ተመልሶ አይታተምም። «ዛሬ ካልገዛሁት መቼም አላገኘውም» የሚለው ስጋት እንግዲህ መሠረት አለው። ያርድ ለመግዛት ለማትደፍር ደግሞ ትንንሽ ጥቅል ተዘጋጀላት። 46 በ56 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሩብ ያርድ አለ። 13 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች በፓኮ ይሸጣሉ። ስድስት ሴንቲ ተኩል ገደማ ስፋት ያላቸው 40 ያህል ጥብጣቦች እንደ ኬክ ተጠቅልለው ይቀርባሉ። ሃሚልተን የምትባል ትንሽ የሚዙሪ ከተማ ውስጥ ደግሞ በ2008 የተቋቋመ አንድ የኩዊልት ኩባንያ ዋናውን መንገድ በጨርቅ ሱቅ ሞልቶታል። ሱቆቹ በጨርቅ ዓይነት ተለይተዋል። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ይመጡበታል። እዚያ የገባች ሰፊ ዐይን አዋጅ ይሆንባታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

የጾሙ ሥርዓት

አንድ ወጥ ሕግ የለም። አንዳንዷ ለስድስት ወር ምንም አልገዛም ትላለች። ሌላዋ ሁለት ወይም ሦስት ያርድ ሰፍታ ካልጨረሰች አንድ ያርድ አታስገባም። ገቢና ወጪ በደብተር የምትመዘግብም አለች፤ በዓመቱ መጨረሻ ወጪው በልጦ ከተገኘ ደስታ ነው። የጨርቅ በጀቷን በፖስታ ለይታ የምታስቀምጥም አትጠፋም።

ከሕጉ የሚያመልጡት ነገሮች ከሕጉ በላይ ያስቃሉ። ክር አይቆጠርም። የመሀሉ የጥጥ ንጣፍ አይቆጠርም። በስጦታ የመጣ አይቆጠርም። ለጉዞ ወጥተው የገዙት ማስታወሻ ነው ይባላል። ገበርም ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። በእኔ እይታ ጾሙን ከውስጥ የሚበላው ይህ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱን ስሌቱ ያሳየናል።

230 በ255 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የትልቅ አልጋ ኩዊልት እንውሰድ። የኩዊልት ጥጥ ወርዱ 110 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የላዩ ቁርጥራጭ ስፌቱን ጨምሮ ስምንት ያርድ ገደማ ይበላል። ገበሩ ሦስት ወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ሌላ ስምንት ያርድ ይፈልጋል። ለጠርዙ አንድ ያርድ የማይሞላ ይጨመራል። ድምሩ ወደ 17 ያርድ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ገበር ነው። ክምችት መጨረስ የምትፈልግ ሴት ገበሩን አዲስ ከገዛች ግማሹን ዕድል ጣለችው ማለት ነው። አንድ ያርድ ጥሩ ጥጥ ዛሬ ከ12 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ ኪስም ይጎዳል። ነገሩ የገባቸው ሰፊዎች ገበሩን ራሱን ከትልልቅ ቁራጭ ይገጣጥሙታል። ያልወደዱት፣ ፋሽኑ ያለፈበት፣ ለምን እንደገዙት የማያስታውሱት ሁሉ እዚያ ይገባል። ከሥር ስለሚሆን ማንም አያየውም። አንዳንዴ ከላዩ ይልቅ የሚያምረውም እሱ ነው።

እራፊው

ሰው ክምችት ሲባል ቀድሞ የሚያስበው ቁርጥራጩን ነው። የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው፤ በየቅርጫቱ ተዝረክርኮ ይቀመጣል። ነገር ግን ቁርጥራጭ መስፋት ጣቃውን አያሳንሰውም። ከባድ ሥራ ነው፣ የሚበላው ጨርቅ ደግሞ ጥቂት ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። ኩዊልት ሲሰፋ በየጎኑ ሩብ ኢንች፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለስፌት ይተዋል። ሁለት ኢንች ተኩል የሆነ ካሬ ከተሰፋ በኋላ ሁለት ኢንች ብቻ ሆኖ ይታያል። ከተቆረጠው ጨርቅ 36 በመቶው ስፌት ውስጥ ገብቶ ተደበቀ ማለት ነው። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር የሚደበቀው ይበዛል። ለቆጣቢ ይህ ብክነት ነው። ክምችቷን ለማሳነስ ለምትጣደፍ ግን መልካም ዜና ነው። እዚህ ላይ «ያስጠላሽ ጨርቅ ካለ አሳንሰሽ ቁረጪው፤ አሁንም ካስጠላሽ ገና አላነሰም» የሚል የቆየ የሰፊዎች ቀልድ አለ። እውነትነቱ የሚታወቀው አንድ መላ ቅጡ የጠፋ ብርቱካናማ ሕትመት ከ30 ሌሎች ጨርቆች መሀል አውራ ጣት አክሎ ሲገባ ነው። ከሩቅ ብልጭ ይላል እንጂ አይረብሽም።

ቁርጥራጭን ሥርዓት ካስያዙት አንዷ ቦኒ ሃንተር የተባለች ታዋቂ የኩዊልት አስተማሪ ናት። ትረፍራፊው ቅርጫት ውስጥ ከመጣሉ በፊት በተወሰኑ ስፋቶች ጥብጣብ ሆኖ ይቆረጣል፤ አንድ ኢንች ተኩል፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል፣ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ በየሳጥኑ ይገባል። የሚሰፋበት ቀን ሲመጣ ሥራው አልቋል። ሌላም ዘዴ አስለምዳለች። መኪና ላይ አንድ መስመር ተሰፍቶ ሲያልቅ ክሩ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ትንንሽ ካሬዎች ከመኪናው እግር ሥር ይገባሉ። ክሩ አይባክንም፣ ጫፉም አይወታተብም። ዋናው ሥራ ሲያልቅ ከጎኑ የሌላ ኩዊልት ካሬዎች ተከምረው ይገኛሉ።

በቅርጽ በኩል ለቁርጥራጭ የሚመቹት ጥንታዊዎቹ ናቸው። ሎግ ካቢን የሚባለው መሀሉ ላይ ትንሽ ካሬ ያስቀምጣል፤ በልማድ ቀይ ነው። ዙሪያውን ቀጫጭን ጥብጣብ ይዞረዋል። ግማሽ ጎኑ ደማቅ፣ ግማሽ ጎኑ ፈዛዛ ይሆናል። ደማቅና ፈዛዛው እስከተጠበቀ ድረስ መቶ ዓይነት ሕትመት ቢገባበት አይበላሽም። ለጥብጣብ የማይሆኑ ጠማማ ቁራጮች ደግሞ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ሰያፍ እየሆኑ ይሰፋሉ። ካሬው ይስተካከላል፣ ከዚያ ጋዜጣው ከጀርባ ተቀዶ ይወጣል።

ብዙ ክምችት የሚጎድለው ፈዛዛው ነው። ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑን የሚስበውን ይገዛል፤ ነጣ ያለና ዝም ያለ ጨርቅ ማንንም አይስብም። ስለዚህ ቤቱ ጨርቅ ሞልቶ ሳለ የሚሰፋ ይጠፋል። ጾም ከመግባታቸው በፊት ይህን ያዩ ሰፊዎች ጥቂት ያርድ ፈዛዛ ገዝተው ይጀምራሉ። ማጭበርበር ይመስላል፤ ግን ያዋጣል።

ያላለቁ ሥራዎችን ማውጣትም የጾሙ አካል ነው። ላዩ ተገጣጥሞ ገበር የሚጠብቅ ኩዊልት በየቤቱ አለ። አንዳንድ ማኅበራት አባላቱ ያላለቁ ሥራዎቻቸውን በቁጥር እንዲዘረዝሩ ያደርጋሉ። በየወሩ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው ያረፈበት በወሩ ውስጥ ይጨረሳል። በሰው ፊት ቃል መግባት ከደብተር የበለጠ ይይዛል።

የሚወጣበት በር

አንድ ቤተሰብ ስንት ኩዊልት ይለብሳል? ሁሉ አልጋ ከለበሰ በኋላ መስጠት ይመጣል። በ1995 የተመሠረተው ፕሮጀክት ላይነስ ለታመሙና ለተቸገሩ ሕፃናት ብርድ ልብስ ያደርሳል። በ2003 የተጀመረው ኩዊልትስ ኦቭ ቬለር ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች ኩዊልት ይሰጣል። ለክምችት የሚመቸው የሕፃን ኩዊልት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነው ከሁለት እስከ ሦስት ያርድ ይበላል፤ በቤት መኪናም ያልቃል። ትልቁ ግን ለመስፋት ስለሚከብድ ብዙዎች ትልቅ የስፌት መኪና ላለው ሰው ከፍለው ያሰፉታል። ጨርቁ በነፃ ቢሆንም ሥራው በነፃ አይደለም።

በ2025 ጾሙን የፈተነ ነገር መጣ። በ1943 ኦሃዮ ውስጥ የተቋቋመውና 800 ያህል ሱቆች የነበሩት ጆአን የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ድርጅት ከሰረ፤ በግንቦት መጨረሻ የመጨረሻዎቹን በሮች ዘጋ። ሃንኮክ የሚባለው ሌላው የጨርቅ ሱቅ በ2016 ዘግቶ ነበር። ሱቅ ሲዘጋ ዋጋ ይወርዳል፤ ዋጋ ሲወርድ ጾም ይገደፋል። በሌላ በኩል በብዙ ትንሽ ከተማ ጨርቅ በእጅ ዳስሶ የሚገዛበት ቦታ ጠፋ። ትናንት ያሳፍር የነበረ ሙሉ ቁም ሣጥን ድንገት እንደ ጎተራ መታየት ጀመረ።

የክምችቱ ባለቤት ስትሞት ጨርቁ ለልጆች ይተርፋል። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ አይሰፉም። ጣቃው በቤት ዕቃ ሽያጭ ይወጣል፤ ወይም ለማኅበሩ ይሰጥና ስብሰባ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ሞልቶ በነፃ ይነሳል። ጾም ላይ ያለችው ሴት ከዚያ ጠረጴዛ ሁለት እቅፍ ይዛ ትገባለች። በነፃ የመጣ አይቆጠርማ።

ለምንም የማይሆነው ብጥስጣሽ፣ የተከረከመ ጠርዝና የጥጥ ንጣፍ ፍርፋሪ በጨርቅ ከረጢት ይጠራቀማል። ሲሞላ አፉ ይሰፋና ለእንስሳት መጠለያ የውሻ መኝታ ሆኖ ይሄዳል። ሲጠራቀም የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርፌ፣ ስፒልና ረጅም ክር እንዳይገባበት።