ኢፒኦ ምንድን ነው? ሕክምናው የት ላይ ያበቃል?

የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ዘመድ ያለው ሰው ያንን ድካም ያውቀዋል። ሁለት ደረጃ ወጥቶ ግድግዳ ይዞ መቆም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መገርጣት። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው የደም ማነስ ነው። ኩላሊት ደም ከማጣራት ሌላ ኤሪትሮፖይቲን፣ ባጭሩ ኢፒኦ የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ የአጥንት መቅኔን «ቀይ የደም ሕዋስ አምርት» ብሎ ያዛል። ኩላሊት ሲደክም አዛዡ ዝም ይላል።

በላቦራቶሪ የተሠራው ኢፒኦ በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ለብዙ ሕሙማን በየጊዜው የሰው ደም መቀበል ቀነሰላቸው።

ግን ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ተሸካሚ ነው። ሕመምተኛን ደረጃ የሚያስወጣ መርፌ ጤነኛ ብስክሌተኛን ተራራ ያስወጣዋል። የታመመን ወደ ጤናው መመለስ ሕክምና ነው፤ ጤነኛን ከተፈጥሮ አቅሙ በላይ መግፋት ደግሞ «ማጎልበት» ይባላል። መርፌው ያው ነው፣ የተለየው ተወጊው ነው።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ኢፒኦን በ1990 ከለከለ። በኦሊምፒክ ምርመራው የተጀመረው ግን በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሕግ አለ፣ ያዥ የለም። የዓለም ብስክሌት ማኅበር በ1997 ጨንቆት ለወንዶች ወሰን አበጀ፤ ከደም ውስጥ የቀይ ሕዋስ ድርሻ ከ50 በመቶ ካለፈ መወዳደር የለም። ይሄ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። «እስከ 49 ድረስ ግን አላየንም» እንደማለት ነው። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ደም ከመጠን በላይ ሲወፍር ይረጋል፤ ልብንም አንጎልንም ይጎዳል። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ኢፒኦን ጨምሮ የተከለከሉ ነገሮችን በመጠቀሙ በታላቁ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ያገኛቸውን ሰባት ድሎች የተነጠቀው በ2012 ነው።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ይመስላል። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በ1964 ኢንስብሩክ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። ያኔ የኢፒኦ መርፌ ጭራሽ አልነበረም። በኋላ እንደታወቀው በቤተሰቡ የሚወረስ የዘረመል ለውጥ ነበረው፤ ሰውነቱ ለኢፒኦ ከሌላው ሰው አብልጦ ይታዘዛል። መርፌው የሚሰጠውን እሱ ከእናት ከአባቱ ወርሶታል።

የእኛስ ደገኞች? «ደጋ ስለሆንን ደማችን ወፍራም ነው» ሲባል እንሰማለን። በ2002 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነው ያሳየው። 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው (በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) ከቆላ ሰው ብዙም አይለይም ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው የድንኳኑ ክርክር ነው። ኦክስጅን የሚቀንስ ድንኳን አለ፤ ሯጩ ሳሎኑ ውስጥ ተኝቶ ተራራ ላይ ያደረ ያህል ሰውነቱ ራሱ ኢፒኦ ይጨምራል። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በ2006 ይከልከል አይከልከል ብሎ ተከራክሮ በመጨረሻ ተወው። የሥነ ምግባር ቡድኑ ግን ቅር ብሎት ነበር፤ ሰውየው ምንም ሳይለፋ ተኝቶ ነው የሚጠቀመው አለ። እኔን ይሄ አልዋጥልህ ብሎኛል። የሯጮቹ ከተማ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያም ልጆቹ ሌሊቱን ተኝተው ነው የሚያድሩት።